ልብ ወለድና ሐሰት

በጎጃም አገር በአንድ ገበሬ ቤት ማንበብ የምታውቅ ልጅ ነበረች። ከቤተ ሰቡ ሁሉ ፊደል የቈጠረች እርሷ ብቻ ነበረች፤ ስለዚህ መምህሯ ያዋሳትን መጽሐፍ ማታ ማታ ከራት በኋላ በኩራዝ ብርሃን ለአባቷ፥ ለእናቷና ለታላቅ ወንድሟ ታነብላቸው ነበር።

የመጽሐፉ ስም ልብ ወለድ ታሪክ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ጦቢያ ብሎ ይጠራዋል። የደረሱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው፤ እርሳቸውም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1868 ዓመት በጣና ባሕር ዳር በዘጌ ተወለዱ። መጽሐፉም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1908 ዓመት በሮም ከተማ ታተመ። ከዚያም ወዲህ ልብ ወለድ የሚለው ቃል ደራሲ ከልቡ አመንጭቶ ለሚጽፈው ታሪክ ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ታሪኩ ይህ ነው። በጥንት ዘመን አንድ የክርስቲያን ጦር አለቃ ድል ሆኖ ተማረከ፤ በኋላም በአንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ተዋጅቶ ነጻ ወጣ። ልጁ ዋሕድ ያን ደግ ነጋዴ ሊፈልግ ሄዶ በመንገድ ተያዘና ለባርነት ተሸጠ። እኅቱ ጦቢያም ወንድሟን ለመፈለግ ከአባቷ ጋራ ወጣች፤ በመንገድም ክፉ እንዳያገኛት የወንድ ልብስ ለበሰች።

ልጅቱ ይህን ስታነብ ቤተ ሰቡ እንቅልፍ አጣ። የኩራዙ ዘይት አልቆ መጽሐፉ ሲዘጋ፥ ወንድሟ «አንድ ገጽ ብቻ ጨምሪልን» ይላት ነበር። እናቷም በማግሥቱ እህል ስትፈጭ «ያ የተሸጠው ልጅ ምን ሆኖ ይሆን?» እያለች ታስብ ነበር። የነገን መጨረሻ አለማወቅ ያስጨንቃል፤ ነገር ግን ጭንቀቱ የሚጣፍጥ ጭንቀት ነው።

በዚያው ሰሞን ለወንድሟ ሚስት ታጭታለት ነበር። አባቷ ለማጫ ሁለት ጥማድ በሬ እሰጣለሁ ብሎ በሽማግሌ ፊት ተስማምቶ ነበር፤ ያለው ግን አንድ ጥማድ ብቻ ነበር። ስለዚህ የልጅቱ ወገኖች ከብቱን ለማየት በሚመጡበት ቀን ሁለተኛውን ጥማድ ከጎረቤቱ ሊዋስ አሰበ። ልጁንም ጠርቶ «የማን ነው ብለው የጠየቁሽ እንደ ሆነ የኛ ነው በይ» አላት። እርሷም አባቷን ስለምትፈራ እሺ አለች፤ ልቧ ግን ታወከ።

ከዚያ ወዲያ በነበረው ማታ ንባቡ እንዲህ ካለ ስፍራ ደረሰ። ጦቢያና አባቷ በአንድ አረማዊ ንጉሥ እጅ ወደቁ፤ የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወይዘሮ ጦቢያን ወንድ መስላት ወደደቻት። ወንድሟ ይህን ሰምቶ ሳቀ፤ አባቷ ግን አልሳቀም። «ያችን ወይዘሮ እንደ ተታለለች ሊድሯት ነውን?» አለ። ልጅቱም «እርሱን ነገ እናያለን፥ አባባ» ብላ መጽሐፉን ዘጋች። ያን ሌሊት አባቷ ሲገላበጥ አደረ።

በማግሥቱ ማታ ፍጻሜውን አነበበች። የጦቢያ ሴትነት ተገለጠ፤ ንጉሡም ክርስቲያን ሆኖ አገባት፤ ወይዘሮዋንም ዋሕድ አገባት። ሁሉም ደስ ብሏቸው ሳሉ ልጅቱ አቀርቅራ እንዲህ አለች፤ «አባባ፥ ይህ መጽሐፍ ልብ ወለድ መሆኑን በስሙ ላይ ጽፎ ነግሮናል። እኔ በሬዎቹ የኛ ናቸው ያልሁ እንደ ሆነ ግን፥ ሰውዬው ልብ ወለድ መሆኑን በምን ያውቃል?» አባቷ ምንም ሳይመልስ እሳቱን አዳፍኖ ተኛ።

እንግዶቹ በመጡ ጊዜ አንድ ጥማድ ብቻ ከበረት ወጣ። አባቷም በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ «ያለኝ ይህ ብቻ ነው፤ ሌላውን ተውሼ ላሳያችሁ አስቤ ነበር፤ በደሉ የኔ ነው» አለ። እንግዶቹ ተቈጥተው የቀረበላቸውን ጠላ ሳይቀምሱ ሄዱ። ወንድሟም ብዙ ቀን ከእኅቱ ጋራ ሳይነጋገር ቀረ፤ ልጅቱም ያን ሁሉ ቀን ብቻዋን አለቀሰች።

አዝመራው ከገባ በኋላ ግን ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። የሙሽራይቱ አባት «በሬ የጎደለበት ሰው ሠርቶ ይሞላዋል፤ እውነት የጎደለበት ግን ከማን ይዋሳል? ልጄን የምሰጠው እውነቱን ለነገረኝ ሰው ነው» አለ። ጋብቻውም በአንድ ጥማድ በሬ ጸና፤ ወንድምና እኅትም ታረቁ።

ልጆች ሆይ፤ ልብ ወለድ ማንበብ ደስ ይበላችሁ። ደራሲው ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ቢተርክም አያታልላችሁም፤ ስሙን አስቀድሞ ነግሯችኋልና። ሐሰት ግን ስሙን ይደብቃል። ጦቢያም የወንድ ልብስ የለበሰችው ከክፉ ለመዳን ነው እንጂ በጋብቻ ሰውን ለማታለል አይደለም። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረቱን በተዋሰው ድንጋይ አይጥልም፤ ባለቤቱ መጥቶ ድንጋዩን የወሰደ ቀን ቤቱ ይወድቃልና።