የጎደለችው ካርታ

ካርታ ሲባል ቁማር ትዝ ቢላችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ልጆች ካርታ ሲያነሡ ባይ የምቆጣ ነበርኩ። «ሰባቱ ቤተሰቦች» የሚባለው የፈረንሳዮች ጨዋታ ግን ገንዘብ የለበትም። ካርታው 42 ነው፤ በየቤተሰቡ ወንድ አያት፣ ሴት አያት፣ አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ አሉ። ተጫዋቹ የጎደለውን ካርታ የሚጠይቀው በሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ዥ ቩድሬ ላ ሜር» ሲል እናትን እፈልጋለሁ ማለቱ ነው። እንዲህ ሲሉ «ለ» ለወንድ፣ «ላ» ለሴት መሆኑ ያለ ሰዋስው መጽሐፍ ምላስ ላይ ይቀራል።

ፉሪ ተቀምጦ ፈረንሳይኛ ምን ሊያደርግ ትሉኝ ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባቡር በደጃችን ከለቡ ጣቢያ ተነሥቶ የሚዘልቀው ጅቡቲ ነው፤ በዚያም ፈረንሳይኛ ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ነው። ለገሃር የምንለውስ «ላ ጋር» አይደለም እንዴ?

ካርታውን ከጫማ ካርቶን ቆርጠን ሠራነው። የፈረንሳይ ቤተሰብ በአንድ ስም ይጠራል፤ እኛ ግን ሚስት በአባቷ ስም፣ ልጅም በአባቱ ስም ስለምንጠራ፣ የሸማኔ ቤተሰብ፣ የዳቦ ጋጋሪ ቤተሰብ እያልን በሙያ ሰየምናቸው።

የሟች እኅቴ ልጅ ከእኔ ጋር ነው የምታድገው። ካርታዎቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ ቆየችና፣ «አክስት የለችበትም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

በማግስቱ ሰባት ካርታ ጨምረን ቆረጥን፤ «ላ ታንት» ብላ በገዛ እጇ ጻፈችባቸው። አሁን 49 ናቸው። ስንጫወት ቤተሰብ ማሟላቱን ትታ ሰባቱን አክስቶች ትሰበስባለች፤ ሁልጊዜም ትሸነፋለች።