ሲባጎና ውሃ ልክ

አምስት ኪሎ የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ የስዕል ክፍላችን ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚሰማው የምላጭ ድምፅ ነበር። በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በሮትሪንግ ብዕር ያሰመርነው መስመር ከተሳሳተ የሚጠፋው በምላጭ ተፍቆ ነው። ወረቀቱን ሳይበሱ ቀለሙን ብቻ ማንሳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የተለፋበት የድልድይ ሥዕል በአንዲት የቀለም ጠብታ ሲበላሽ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ከንፈሩን ነክሶ አዲስ ወረቀት ወጠረ።

ሒሳቡን የምንሠራው በስላይድ ሩል ነበር። ስላይድ ሩል ሦስት አኃዝ ይሰጣል እንጂ ነጥቡ የት እንደሚያርፍ አይናገርም። መልሱ 24 ይሁን 240 ወይስ 2,400፣ ለይቶ ማወቁ የተማሪው ፋንታ ነው። ከዚያ ዘመን አብልጬ የምናፍቀው ይህንን ነው፤ ምሰሶው ምን ያህል እንደሚሸከም አስቀድመን በጭንቅላታችን እንድንገምት ያስገድደን ነበር።

ልደታ ደግሞ በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው ሕንጻ ኮሌጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ከእኛ የምህንድስና ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ሁለታችንም የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሆንን። ልደታዎች ከጅምሩ ትምህርቱን ከግንባታ ምርምርና ከዕቃ ምርመራ ጋር አጣምረው ስለያዙ እቀናባቸው ነበር። እኛም ብንሆን ቤተ ሙከራ ገብተን እጃችንን አቡክተናል። 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው የብረት ሾጣጣ ውስጥ ለጋውን ኮንክሪት በሦስት ዙር እየጨመርን፣ እያንዳንዱን ዙር 25 ጊዜ በዘንግ ጠቅጥቀን፣ ሾጣጣውን ቀስ አድርገን አንስተን ምን ያህል እንደወረደ እንለካ ነበር። 15 በ15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆኑትን የኮንክሪት ኩቦች ውሃ ውስጥ አስቀምጠን 28 ቀን መጠበቅ፣ ከዚያ በማሽን ሲፈነዱ መስማት! ሲቦካ ብዙ ውሃ የጠጣው ኩብ ቶሎ እጅ ይሰጣል። መጽሐፉ ያንኑ ብሎን ነበር፤ ያመንነው ግን ስንሰማው ነው።

በ1965 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ ወጣሁ። ያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት አገሩን ማገልገል ነበረበት። አብዛኞቹ ጓደኞቼ በየጠቅላይ ግዛቱ ሊያስተምሩ ሄዱ፤ እኔ መንገድ ሥራ ደረሰኝ።

እዚያ ስደርስ መጀመሪያ ያጣሁት ቋንቋ ነው። ሦስት ዓመት በእንግሊዝኛ የተማርኩት ሁሉ ሜዳው ላይ ሌላ ስም አለው። አርማታ፣ ፌሮ፣ ሶሌታ፣ ባሬላ፣ ካቦ፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ቃል በግንበኛውና በአናጢው አፍ አማርኛ ሆኗል። የግሬደሩ ኦፕሬተር ከዓለም ገና የመንገድ ሥራ ማሠልጠኛ የወጣ ሰው ስለነበር የእኔንም የሠራተኞቹንም ቋንቋ ያውቃል፤ ብዙ ቀን እሱ አስታረቀን። ተምሬያለሁ ብዬ ፌሮ ማለትን ፌሮ ሲያስር ሃያ ዓመት ከሞላው ሠራተኛ መማሬ አላሳፈረኝም። ያሳዘነኝ፣ ያን ሰው ክፍል ውስጥ ቆሞ እንዲያስተምረን የጠራው አለመኖሩ ነው።

ፎርማናችን በልጅነቱ በጣሊያን ጊዜ ድንጋይ እያቀበለ ግንበኝነት የለመደ ሽማግሌ ነበር። ጋሼ እንለው ነበር። አንድ ቀን በመንገዱ ሥር ውሃ ለሚያሳልፈው ካልቨርት የመግቢያና የመውጫ ካስማ አስተከልኩ። ከፍታ የምንለካበት ሌቭላችን አሮጌ ስለነበረ ምስሉን ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ ሰው በጭንቅላቱ ቆሞ፣ ሰማይ ከታች ሆኖ ይታያል። በካስማው ላይ በቆመው መለኪያ ዘንግ የመግቢያው ንባብ 1.83 ሜትር ነበር፤ ቦታው ዝቅ ባለ ቁጥር ንባቡ ይጨምራል። መውጫው በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል 1.93 ፈለግሁ፣ አገኘሁ፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ግንበኞቹ ሲባጎ ሊወጥሩ ሲሉ ጋሼ ቁጢጥ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ልጄ፣ ይኼ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ታች ነዋ፣ ጋሼ።»

ምንም አልመለሰልኝም። ሲባጎውን ራሱ ከካስማ ካስማ ወጠረና መሐሉ ላይ ውሃ ልኩን ያዘ። አረፋዋ ወደ መውጫው ሸሸች። ተመልሼ በሌቭሉ አየሁ። የተገለበጠውን 6 ነው 9 ብዬ ያነበብኩት፤ ንባቡ 1.63 ነበር። መውጫው ከመግቢያው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር ሊገነባ የነበረው። የሜዳ ደብተር በላጲስ አይነካም፤ 1.93ን በአንድ መስመር ሰረዝኩና በላዩ ትክክለኛውን ጻፍኩ። ጋሼ ለአለቆቼ አልተናገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ካስማ በተከልኩ ቁጥር፣ ሳይጠራኝ፣ የሲባጎውን አንደኛውን ጫፍ ያስይዘኝ ነበር።

የሰርቪሱ ሥርዓት ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። በ1967 ዓ.ም. ዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ፣ ተማሪው ወደ ገጠር ዘመተ፣ ዩኒቨርሲቲው ባዶ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያ ሥርዓት እንደ ነበረ አልተመለሰም። ዛሬ ተማሪው በቶታል ስቴሽን መለኪያ በአንድ ጠዋት የሚለካውን እኛ በሳምንት አንጨርሰውም ነበር፤ ለዚያ ደስ ይለኛል፣ ስላይድ ሩል ይመለስ የምል ሰው አይደለሁም። ጥቂት ወራት ልምምድ አድርገው የሚመረቁ ወጣቶች ሲያጋጥሙኝ ግን የሚቆጨኝ ያ አንድ ዓመት ነው። ክረምትና በጋ አብረውት ያልሠሩት ግንበኛ የሚያውቀውን ሁሉ አይነግራቸውም።

ያኔ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልመለስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩኝ የሰኔ ዝናብ ጀመረ። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ገደማ አንድ ሰው ድንኳኔን ነቀነቀ፤ ጋሼ ነው፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፋኖስ ይዞ። ወርደን ከካልቨርቱ አፍ ቆምን። ውሃው ቀይ ሆኖ፣ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ፣ በአንደኛው በኩል ገባ። ፋኖሱን አነሳና በዝናቡ ውስጥ ወደ ማዶው ተሻገርን።