ኬኩ ዋናው ፊልም ላይ አልነበረም

በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። የተራበ የወሎ ሕፃን፣ ከዚያ የሠርግ ኬክ። አጥንቱ የወጣ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሥጋ የሚበሉ የቤተ መንግሥት ውሾች። ደርግ ጃንሆይም እንዲያዩት አስነግሯቸው ነበር። በማግስቱ መስከረም 2 ከዙፋናቸው አውርዶ በቮልስዋገን ወሰዳቸው።

ስለዚያ ማታ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚከነክነኝ መቀሱ ነው።

የረሃቡን ፊልም የሠራው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው። ጥቅምት 1966 ላይ በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ኬክም ውሻም አልነበረበትም። ድግሱ የገባው አዲስ አበባ ላይ ነው። የሚገርመው፣ ከገቡት ምስሎች አንዱም የፈጠራ አይደለም። ረሃቡ እውነት፣ ኬኩም እውነት። ክሱ ያለው ሁለቱ የተሰፉበት ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ምንም የተቀረጸ ነገር የለም። ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል፤ ራሱ የሰጠውን ፍርድ ደግሞ ማን ያስለውጠዋል? ኬኩ የተቆረሰው መቼ ነው፣ ሕፃኑ የተራበው መቼ ነው ብሎ ቀን ለመቁጠር ፋታ አይሰጥም። ቢቆጠርም ጃንሆይን ነፃ የሚያወጣቸው አይመስለኝም። ረሃቡ በእርግጥ ተደብቆ ነበር።

መደበቁን ለማጋለጥ ደግሞ የፈረንጅ ካሜራ አልተጠበቀም። ዲምብልቢ ከመምጣቱ ከወራት በፊት፣ በ1965፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንስተው ተመለሱና ለተማሪው አሳዩት። መንግሥት ‹ረሃብ የለም› በሚልበት ሰዓት ፎቶ ይዞ ‹ይኸው› ማለት እንጀራን፣ ምናልባትም ነፃነትን የሚያስከፍል ነገር ነበር። ተቃውሞ የምለው እሱን ነው። የመስከረሙ ፊልም ግን ታንክ ባለው ሰው እጅ የተቀነባበረ ነው። ስልቱን ከተቃዋሚ ተበድሮ፣ ዋጋውን ሳይከፍል።

ይህን ያልኩት ደርግን ስለምጠላ ብቻ እንዳይመስላችሁ (ብጠላውም)። አሥር ዓመት ወደፊት እንሂድ። መስከረም 1977፤ አሥረኛው የአብዮት በዓል። የትግላችን ሐውልት ተመርቆ፣ ሰልፉ ደምቆ፣ ግብዣው ሞልቶ። ኮረም ላይ ግን ሰው በረሃብ ይረግፋል። በዓሉ እስኪያልፍ ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዳይሄድ ተከለከለ፤ ዓለምን ያስደነገጠው የጋዜጠኞቹ የሞሐመድ አሚንና የማይክል በርክ የረሃብ ዘገባ የታየው ጥቅምት ላይ ነው። ያንኑ የ1967ቱን ፊልም እንደገና ለመሥራት የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ግብዣም አለ፣ ረሃብም አለ። በኬኩ ፈንታ ሐውልቱን ማስገባት ነው። መቀሱን የሚያነሳ ግን አልተገኘም። ቢያነሳስ የት ሊያሳየው?

ዘውዱ በወደቀበት በዚያው ሰሞን ሌላ ካሜራም አገር ውስጥ ነበር። ጎንደር ተወልዶ ሎስ አንጀለስ ፊልም ያጠና የነበረው ኃይሌ ገሪማ ‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›ን ይቀርጽ ነበር። 16 ሚሊ ሜትር፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ታሪኩ ልብ ወለድ ነው፤ ጭሰኛ ቤተሰብ፣ ባላባት፣ መሬቱን የተነጠቀና እንደ እብድ የሚታይ ከበበ የሚባል ሰው። ተዋናዮቹ ባለሙያዎች አይደሉም። ካሜራውም የዘጋቢ ፊልም ካሜራ ነው፤ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ በሬዎቹ ሲያርሱ ያያል፣ ለመቁረጥ አይቸኩልም። ለወዳጆቼ ሳሳያቸው ‹እንቅልፍ ያመጣል› ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ይከብዳል። ግን ድካሙ የማን እንደሆነ የምናውቀው ስንቆይ ነው። ባላባቱ ተቀምጦ ሲያዝ፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ ሲያርስ ለረጅም ጊዜ ያየ ሰው ‹መሬት ላራሹ›ን ማንም መፈክር ባይጮህለትም ይረዳዋል።

ልዩነቱ ለእኔ ከርዝመት በላይ ነው። በደርጉ ቅንብር የወሎው ሰው አይናገርም፤ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፣ ከሳሹ ሌላ ነው። በኃይሌ ፊልም ገበሬው ያማርራል፣ ይጸልያል፣ ከቤተሰቡ ጋር ያወራል። ከበበማ ዝም የሚያሰኘው የለም፤ በመጨረሻም ባላባቱን የሚገድለው እሱ ነው። ከሳሹም ባለጉዳዩም አንድ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ፊልም መንግሥት ሊዋሰው ይቸገራል። ቆርጦ የሚወስደው አጭር ነገር የለውማ።

አሁን መቀሱ በየስልካችን ገብቷል። በግራ የተፈናቃይ ድንኳን፣ በቀኝ ሪባን ሲቆረጥ፣ ከሥር ሙዚቃ። አልቃወምም፤ አንዳንዱ ሲሠራ ነፍስን የሚያስይዝ ድፍረት አለበት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲደርሰኝ ከምስሉ በፊት ሠሪውን እጠይቃለሁ፤ ቢያዝ ምን ይሆናል? የሚይዘውስ አለ ወይስ ያዡ ራሱ ነው?

የ1967ቱ ፊልም ቁርጥራጭ አብዮቱ በተነሳ ቁጥር ይመጣል፤ ኬኩን የማያውቅ የለም። የመምህራኑን የ1965 ፎቶግራፎች ግን አንድም ጊዜ በቴሌቪዥን ሲታዩ አላየሁም።