ለፈረሷ እረፍት አላት፣ ለእኛስ?

እህቶቼ፣ እዚህ አገር ፈረስ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ዱባይ ሜይዳን ላይ የሚሮጠው፣ ዋጋው በሚሊዮን የሚጠራው ነው። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ሌላው ዓይነት ነው። ከሻርጃ ወደ ዘይድ በሚወስደው መንገድ፣ እስከ ማናማ ድረስ፣ በአጥር የተከበቡ ትንንሽ የቤተሰብ እርሻዎች አሉ። (ማናማ ከአጅማን ከተማ ርቃ ያለች፣ ግን የአጅማን የሆነች ቦታ ናት።) ዒዝባ ይሏቸዋል። ጥቂት ፍየል፣ ዶሮ፣ የቴምር ዛፍ፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ አራት አምስት ፈረስ። እኔም እንዲህ ያለው ውስጥ ነው የምሠራው፤ አምስት ፈረስ አለን። ቤተሰቡ ዱባይ ይኖራል፣ ቅዳሜና እሁድ ይመጣል። በቀረው ቀን ዒዝባውን የምንይዘው እኔና አንድ ሱዳናዊ ሳይስ ነን። ሳይስ የሚሉት ፈረስ ጠባቂውን፣ የእኛን ባልደራስ ነው።

የመጣሁት ለቤት ሥራ ነበር። ከፈረስ ጋር ማደጌን ስትሰማ ማዳም «ዒዝባው ላይ ትሠሪልኛለሽ?» አለችኝ። ደመወዝ ጨመረችልኝና እሺ አልኩ። እኔ የአዊ ልጅ ነኝ። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል፤ ማኅበሩ የተቋቋመው በ1932 ዓ.ም. ነው። በዓሉ ዓድዋ ላይ የዘመተውን ሰው ብቻ ሳይሆን ፈረሱንም ያስባል። እኛ ዘንድ ንጉሥ እንኳ በፈረሱ ስም ይጠራ የለ? ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። እና ፈረስ ለእኔ ጌጥ አይደለም፣ ባልንጀራ ነው።

ግን እዚህ ያለው ፈረስ ኑሮው ሌላ ነው። የአገራችን ፈረስ ቀኑን ሙሉ እየተንቀሳቀሰ ይግጣል፣ ደጋው ያቀዘቅዘዋል። እዚህ ጋጣ ውስጥ ይቆማል፤ በበጋ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ለፈረስ ማዘን ማለት አንገቱን ማሻሸት ብቻ አይደለም። አፈጣጠሩን ማወቅ ነው።

የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ጥቂት ጥቂት፣ ብዙ ጊዜ እንዲበላ ነው የተፈጠረው፤ ያልተስማማውን ደግሞ ማስመለስ አይችልም። ጠዋትና ማታ ብቻ ብዙ እህል ሰጥቶ መሄድ ለሰው ይመቻል፣ ለፈረሱ ግን የሆድ በሽታ ነው። እኛ ድርቆሹን አራት ጊዜ ከፍለን እንሰጣለን፣ እህሉ ትንሽ ነው። ምግቡ አሸዋ ላይ አይጣልም፤ አሸዋው አብሮ ይገባና አንጀት ውስጥ ይከማቻል። አንድ ፈረስ በቀን 30 እና 40 ሊትር ውኃ ይጠጣል፣ በሙቀት ከዚያም በላይ። የበጋ ቀን ከጎማው መጀመሪያ የሚወጣው ውኃ እጅ ያቃጥላል፤ እስኪቀዘቅዝ ሳይለቁ ገንዳ መሙላት የለም። ፈረስ ሲሞቀው ቀዝቃዛ ውኃ አይፈስበትም የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. ለ1996ቱ የአትላንታ ኦሎምፒክ ዝግጅት የተደረገው ጥናት ግን ቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ማፍሰስ እንደሚያድነው አሳይቷል። ኮቴው በየቀኑ ይጸዳል፤ ኮርቻ ከመጫኑ በፊት ጀርባው በእጅ ይዳሰሳል። ገጣባ ድንገት አይመጣም፣ ቀድሞ ቆዳው ይሞቃል።

ይህን ሁሉ ለማየት የነቃ ዓይን ያስፈልጋል። ነገሬም እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው በጋ፣ በነሐሴ አንድ ሌሊት፣ ውኃ ልጠጣ ተነስቼ ከጋጣው የኮቴ ድምፅ ሰማሁ። ዳማ ናት፤ የቤቱ ልጆች በዓረብኛ ስም ይጠሯታል፣ እኔ ግን በመልኳ ዳማ ነው የምላት። መሬቱን ትቧጥጣለች፣ ዞራ ጎኗን ታያለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች። የማታው ድርቆሽ እንዳለ ነው። ፋንድያ የለም። ከመንጋጋዋ ስር ጣቴን አድርጌ የልብ ምቷን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 64። ፈረስ ሲያርፍ ከ28 እስከ 44 ነው። ምግቡን አነሳሁ፣ ሳይሱን ቀሰቀስኩት፣ ማዳም ጋ ደወልኩ። እየተቀባበልን አዘዋወርናት። ሐኪሙ ሊነጋ ሲል ደረሰ። በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብቶ ሆዷን አቀለለላት፣ ዘይት ሰጣት፣ መርፌ ወጋት። ረፋድ ላይ ፋንድያ ስትጥል ሳይሱ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም አለቀስኩ።

የማታውን የመጨረሻ ዙር የሚዞረው እሱ ነበር። በዚያን ሌሊት ግን አልዞረም፤ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶታል። 40 ቀን ያለ አንድ ቀን እረፍት ሠርቷል።

ማዳም ስትመጣ በመጀመሪያ የጠየቀችው «ማታ ለምን አላያትም?» ብላ ነው። ጋጣው በር ላይ ሰሌዳ አለ። የትኛው ፈረስ መቼ እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያርፍ ተጽፎበታል። የእኛ ስም የለበትም። ልቤ እየመታ እንዲህ አልኳት፦ «ማዳም፣ ዳማ በሳምንት ሁለት ቀን ታርፋለች። ይህ ሰው 40 ቀን አላረፈም። ያላያት ስለማይወዳት አይደለም።» ሥራዬን የማጣ መስሎኝ ነበር። ዝም ብላ ሰሌዳውን አየች፣ ከባሏ ጋር ስልክ አወራች፣ ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት በገዛ እጇ ስማችንን ጻፈች፤ የእሱን ዓርብ፣ የእኔን እሁድ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። የእሱ የአገር ቤት ፈቃድ እስከ ክረምቱ ብርድ ድረስ ሲጓተት ቆይቷል። ግን ሰሌዳው ላይ ገብተናል።

በኋላ እንደተረዳሁት የለመንኩት ቸርነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ቁጥር 9 የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ከነክፍያው፣ በቀን 12 ሰዓት እረፍት (ከዚያም 8ቱ ያልተቋረጠ)፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የሚገርመው፣ የቤት ሠራተኛ ተብለው ከተዘረዘሩት ሥራዎች መካከል ሳይስም አለበት። ልጅ የምታሳድጊውም፣ ፈረስ የምታበይውም በአንድ ሕግ ስር ናችሁ። ለእንስሳውም ቢሆን እ.ኤ.አ. የ2007ቱ ቁጥር 16 ሕግ በቂ ምግብ፣ ውኃና እንክብካቤ ይገባዋል ይላል።

ዳማም እንደኛ ፓስፖርት አላት፤ መልኳና ምልክቷ ተስሎበታል። ማዳም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ልክ ነው፣ የእሷ ናትና። የእኔን ፓስፖርት ግን አሠሪ እንዲይዘው ሕጉ አይፈቅድም። ፈረሷ ባለቤት አላት። እኔ አሠሪ እንጂ ባለቤት የለኝም።

እንግዲህ እህቴ፣ ዒዝባ ላይ ሥራ ቢሉሽ እሺ ከማለትሽ በፊት ጠይቂ። ስንት እንስሳ አለ? ሌላ ማን ይሠራል? የምተኛበት ክፍል ማቀዝቀዣ አለው ወይ? የእኔ የእረፍት ቀን መቼ ነው? ውሌ ላይ ያለው ሥራ ሌላ ከሆነ ያለ ፈቃድሽ ሊቀይሩት አይችሉም። ከገባሽ በኋላ ደግሞ የሚበሉትን፣ የሚጠጡትን፣ ፋንድያቸውን በደብተር ጻፊ። በዚያው ደብተር ያረፍሽበትን ቀንና ደመወዝ የተቀበልሽበትን ቀን መጻፍ አትርሺ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባል የለ፤ የራስሽን ጉዳይ የምትናገሪው አንቺው ነሽ።