ወደ ጅቡቲ ደርሶ ለመመለስ

ባሕርን በመጽሐፍ ካልሆነ በቀር አይተን የማናውቅ ተማሪዎች ብዙ ነን። የሆሳዕና ልጅ ተራራ ማየት ቢሻ ወደ ከምባታ ተሻግሮ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሐምበሪቾን ይወጣል፤ ባሕር ማየት ቢሻ ግን ከአገር መውጣት ግድ ይሆንበታል። በአያቶቻችን ዘመን ምጽዋና አሰብ የኢትዮጵያ ወደቦች ነበሩ፤ ኤርትራ ነጻ መንግሥት ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ግን አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ታናናሽ ተማሪዎችን ሒሳብ እያስጠናሁ ባጠራቀምሁት ገንዘብ ጅቡቲን ለመጎብኘት አሰብሁ።

ሐሳቤን ለእናቴ በነገርኋት ጊዜ የያዘችውን ሥራ አቁማ ዝም አለች። ምክንያቱን ይህን መጽሔት የምታነቡ የሐዲያና የከምባታ ወላጆች ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። በእኛ አገር የ18 ዓመት ልጅ «ከአገር ልወጣ ነው» ሲል ሰሚው የሚያስበው ጉብኝትን ሳይሆን ስደትን ነው። ታላቅ ወንድሜ በ2008 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ድምፁን እስክንሰማ ድረስ ሰባት ወር አለፈ፤ በነዚያ ወራት እናቴ በመሸ ቁጥር «ልጄ ዛሬ የት ያድር ይሆን?» ትል ነበር። በጅቡቲ በኩልም ቢሆን ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር ሲሉ በባሕር የጠፉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እንግዲህ የእናቴ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም።

ስለዚህ አልተከራከርኋትም፤ ይልቁንም ወረቀት አውጥቼ ዕቅዴን በዝርዝር ጻፍሁ።

በመጀመሪያ ጊዜውን መረጥሁ። በእኛ ዘንድ ዝናብ በሚበረታበት በሐምሌ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በጥር ግን 30 ዲግሪ ገደማ ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ካለቀ በኋላ የምናገኘው ዕረፍት ለዚህ ተስማሚ ሆኖ አገኘሁት።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከሆሳዕና በቡታጅራ በኩል እስከ አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአውቶቡስ ሄጄ አክስቴ ቤት አድራለሁ። ከዚያ በለቡ ጣቢያ ባቡር እሳፈራለሁ። የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መሥመር ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ይኸውም በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ አልፎ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጅቡቲ ከሚገኘው ከነጋድ ጣቢያ ይደርሳል። ባቡሩ የሚነሣበትን ቀን ከጣቢያው ሳይጠይቁ ከሆሳዕና መነሣት አይገባም፤ ፓስፖርትና የመግቢያ ፈቃድም ከቲኬት ይቀድማሉ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ማደሪያው ነበር። በጅቡቲ የመኝታና የምግብ ዋጋ ከእኛ አገር ይበልጥ ውድ ነው፤ የሚከፈለውም በፍራንክ ነው። በጋላፊ በኩል የጭነት መኪና የሚያመላልሱትን አጎቴን ብጠይቃቸው፣ እርሳቸው ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ፒኬ 12 በሚባለው የመኪኖች ማቆሚያ፣ በመኪናቸው ውስጥ እንደሚያድሩ ነገሩኝ። እኔም ከርስዎ ጋር ልደር ብላቸው፣ «የለም፤ እኔ የማድረው ንብረት ለመጠበቅ ነው። አንተ በሩ የሚቆለፍ፣ ማራገቢያ ያለው ቤት ያስፈልግሃል» አሉኝ። ከዚያም በገበያው አጠገብ ክፍል ለሚያከራዩ ለአንድ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰብ ደውለው የአራት ሌሊት ማደሪያ ያዙልኝ።

በቀኖቹም ወደቡንና የባሕሩን ዳር፣ እንዲሁም ቀድሞ ምኒልክ አደባባይ ይባል የነበረውን፣ ዛሬ ግን አገሪቱ ነጻ በወጣችበት ቀን በሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. መታሰቢያነት የሚጠራውን አደባባይ ለማየት ወሰንሁ። ገንዘቤንም በአራት ከፈልሁ፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለማደሪያ፣ አንዱ ለምግብ፣ አራተኛው ምንም ቢመጣ የማይነካ ለመመለሻ።

እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች እኅቴ ዕቅዱን በሐዲይኛ እየተረጎመች አነበበችላት። እናቴ ደግማ እንድታነብላት ካደረገች በኋላ የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። «የምታድርበት ቤት ሰዎች ስልካቸው ተጽፏል ወይ? የምትመለስበትስ ቀን መቼ ነው?» ሁለቱንም በወረቀቱ ላይ አሳየኋት። ጥቂት ቆይታ፣ «ወንድምህ ሲሄድ ይህን የምጠይቅበት ወረቀት አልነበረኝም» አለችና ወረቀቱን አጣጥፋ የቤታችን ሰነድ በሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ አኖረችው። በማግሥቱም ፓስፖርት ለማውጣት የሚያስፈልጉኝን ማስረጃዎች ከዚያው ሳጥን አውጥታ ሰጠችኝ።

ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ ሩቅ አገር ለማየት መመኘት ነውር አይደለም፤ ዓለምን ማወቅም የትምህርት ክፍል ነው። ነገር ግን የሚያድርበትን ቤትና የሚመለስበትን ቀን ለወላጆቹ ጽፎ ለመስጠት የማይችል ሰው ጉዞው ገና አልተዘጋጀም። ደላላ «መንገዱን ለእኔ ተወው» ቢላችሁ፣ እናንተ «ማታ የት አድራለሁ? በምንስ እመለሳለሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው አትከተሉት።

እኔም በጥር ደርሼ እንደተመለስሁ ባሕሩ ምን እንደሚመስል በሚመጣው ዓመት መጽሔታችን ላይ ለመጻፍ ተስፋ አደርጋለሁ።