ልጆች ከቤት ሲወጡ፤ ስለ ጽዋ ማኅበር ከዋግ ደጋ

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ርእሰ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በተራሮች መካከል ተቀምጣለች። በዙሪያዋ ያለው አገር ገደሉ የበዛ፣ አፈሩ የሳሳ፣ ዝናሙም የማይታመን ነው። በቀደመው ዘመን ዋግሹሞች ያስተዳድሩት ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ያለው ከዐለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስም የዚህ ሕዝብ ክርስትና የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ሆነ ይመሰክራል።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ልናወሳ የፈለግነው ግን በዚሁ አገር እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል በየቤቱ ስለሚዞረው ስለ ጽዋ ማኅበር ነው። ማኅበርተኞቹ በሐዋርያት ቍጥር 12 የሆኑ እንደ ሆነ ተራው ለእያንዳንዱ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል። በሚካኤል ወይም በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም ወይም በሌላው ወርኃዊ በዓል፣ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይባርካል፤ ጠላው ይቀዳል፤ ነዳያን ይካፈላሉ፤ ጽዋውም ለባለ ተራው ይተላለፋል። ሙሴው ሥርዓቱን ይጠብቃል፤ የተጣላ ቢኖርም ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀምስም።

ልጆች በቤት ሳሉ የዚህ ጥቅሙ ለማንም ግልጽ ነው። ሕፃኑ ከካህኑ ፊት መቆምን፣ እንግዳ ማስተናገድን፣ ከቍራሹ ለድኻ ማካፈልን በገዛ ቤቱ ይማራል። ነገር ግን ልጆች አድገው አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላውም ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻቸውን በቀሩበት ቤት ጥያቄ ይነሣል። «ልጆቹ ወጥተዋል፤ ድግሱን ማን ያዘጋጃል? ለማንስ እንደግሳለን? እድሩ አይበቃንምን?» ይባላል።

ይህ ጥያቄ የስንፍና ጥያቄ አይደለምና ልንነቅፈው አይገባም። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ክፉኛ ከጐዳቸው አገሮች አንዱ ዋግ ነው። መንግሥት የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው ቃል ኪዳንም በሰቆጣ ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ባለ አገር አንድ ቁና እህል ቀላል ነገር አይደለም። ጌሾ የምትወቅጠው፣ ጋን የምታጥነው፣ ውኃ የምትቀዳው ልጅ በሌለችበት ቤት ደግሞ ድካሙ ሁሉ በአሮጊቷ እናት ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ይሁን እንጂ እድርና ማኅበር አንድ አይደሉም። እድር ሐዘን በገባ ጊዜ ድንኳኑንና ገንዘቡን ይዞ ይመጣል፤ መልካም ሥራም ነው። ማኅበር ግን ሰው በሕይወት ሳለ በየወሩ ይፈልገዋል። ማኅበርተኛው ከጽዋው ሲቀር «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ታሞ እንደ ሆነ ይጐበኛል፤ የንስሐ አባቱም ይነገራቸዋል። ልጆች በቤት ሳሉ ይህን ጥያቄ ልጆች ይጠይቃሉ፤ ልጆች ከወጡ በኋላ የሚጠይቅ ማን ነው? በነሐሴ 16 ሻደይ ሲገባ ከሩቅ የሚመለሱ ልጆች ቤቱን በዘፈንና በሣቅ ይሞሉታል፤ በዓሉ ሲያልፍ ግን ተመልሰው ይሄዳሉ፤ ወላጆችም እስከሚቀጥለው ዓመት ብቻቸውን ናቸው። እንግዲህ ማኅበሩ ለወላጆች ይበልጥ የሚያስፈልገው ልጆች ከወጡ በኋላ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ሌላም ምክንያት አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች በሰቆጣ ተጠልለው ነበር። ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው ጋኑንም ጎተራውንም ያጣል። እንዲህ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ስሙን ጠርቶ የሚፈልገው ወገን ነው፤ ይህም ወገን የሚገኘው አስቀድሞ በሰላሙ ቀን በተሠራ አንድነት ነው።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ጽዋው ይቅር ከማለት ድግሱ ይቅለል። አንድ ዳቦ፣ ጥቂት ንፍሮና ንጹሕ ውኃ ከጸሎት ጋር ለማኅበር ይበቃሉ፤ በብድር የተደገሰ ድግስ የቅዱሱን ክብር አይጨምርም። አቅም ያነሳቸው ሁለት ቤቶች ተራቸውን በአንድነት ያውጡ። ወጣቶቹ ማኅበርተኞች ለሽማግሌዎቹ ውኃ ይቅዱ፣ እንጨት ይፍለጡ። በሩቅ ያለው ልጅም የወላጆቹ ተራ የሚደርስበትን ወር ዐውቆ ከደመወዙ ጥቂት ይላክ፤ ወደ አገሩ ቢመለስም ቦታቸውን ይውረስ።

ሕመም ወይም ድህነት ፈጽሞ የከለከለው ሰው ቢኖር ግን በምርቃት ይሰናበት እንጂ አይወቀስ፤ ማኅበርተኞቹም በበዓሉ ቀን ከተባረከው ዳቦ ቍራሽ ይዘው ወደ ቤቱ ይሂዱ። ተራ ማውጣት ባይችልም የማኅበሩ ሰው ነውና።