ለእርሻ ነው ለእርድ?

ሐሙሲት ስሟ ራሱ ገበያዋን ይናገራል። ልጅ ሆኜ በአንዱ ሐሙስ አባቴ ቦራን ሊሸጠው ወደዚያው ሲወርድ፣ በሬውን ከኋላ የነዳሁት እኔ ነበርኩ። አራት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ገዥው ጥርሱን አየ፣ ሻኛውን ዳበሰ፣ ዋጋ ጠራ። አባቴ ግን እጅ ከመስጠቱ በፊት «ለእርሻ ነው ለእርድ?» ብሎ ጠየቀ። «ለእርሻ ነው» አለ ሰውዬው። እውነቱን ይሁን ውሸቱን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔን የጠየቀኝ ግን ማንም አልነበረም። በሬው የእረኛው አይደለማ!

ይህን ያስታወሰችኝ ባሕር ዳር የምትማረው የእህቴ ልጅ ናት። ለበዓል መጥታ ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች «ጋሼ፣ ሲምስን ሸጡት እኮ!» አለችኝ። መርዶ የምትነግረኝ ነበር የሚመስለው።

ሲምስ በ1992 ዓ.ም. የወጣ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ቤት ይሠሩበታል፣ ሰው ያኖሩበታል። ባለቤቱን ኤሌክትሮኒክ አርትስን የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ፣ ሲልቨር ሌክና የትራምፕ አማች የጃሬድ ኩሽነር ድርጅት በ55 ቢሊዮን ዶላር ሊገዙት መስማማታቸው የተሰማው መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ውስጥ 20 ቢሊዮኑ ብድር ነው። በብድር የተገዛ በሬ ደግሞ ዕዳውን እስኪከፍል ዕረፍት እንደሌለው ገበሬ ያውቃል።

በሲምስ ቪዲዮ እየሠሩ ሚሊዮኖችን ያስከተሉ ወጣቶች አኮረፉ። ኬይላ ሲምስን የመሳሰሉት ከኩባንያው የፈጣሪዎች ማኅበር ወጡ፤ እዚያ የሚያገኙትንም ጥቅም ተዉ። አንዱ ምክንያታቸው የሳዑዲ መንግሥት የሰብዓዊ መብት አያያዝ ነው። ሌላው፣ ሰው እንዳሻው የሚኖርበት ጨዋታ በአዲሱ ጌታ እንዳይከረከም መስጋታቸው ነው። ኩባንያው «የፈጠራ ነፃነታችን አይነካም» አለ። ባለአክሲዮኖቹም በታኅሣሥ ሽያጩን አጸደቁ።

እኛስ ለዚህ እንግዳ ነን? ሜታ ቢራ በ2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጆ ተሸጠ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ፈረንሳዩ ካስቴል ዞረ። ጠጪው ብርጭቆውን እንደያዘ ባለቤት ሁለት ጊዜ ተቀየረበት። ማን ጠየቀው? እሱስ ማንን ጠየቀ?

«ታዲያ ልጆቹ መውጣታቸው ምን ለወጠ?» አልኳት የእህቴን ልጅ። ነገሩን ለማቃለል የቦራንም ታሪክ ነገርኳት። ሳቀች ብዬ ስጠብቅ ዝም አለች።

«ያኔ እርስዎ ምን አሉ ጋሼ?»

«ምን እላለሁ? አለቀስኩ።»

«እነሱ ደግሞ አለንጋውን ጥለው ሄዱ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

የምመልሰው አጣሁ። ጉዳዩን ካሰብኩት፣ ቦራን ማንም ከእጄ አልነጠቀኝም። እያለቀስኩም ቢሆን እስከ ገበያው ድረስ የነዳሁት እኔው ነኝ።